የማን ዘር ናት?

ደመቀች ዘርአ ዳዊት እነዋሪ ተወልዳ፣ እነዋሪ አድጋ፣ በልብስ ስፌት የምትተዳደር ሴት ነበረች። በሃያ ስድስት ዓመቷ ግራ ዓይኗን ሲያማት ሰንብቶ ጭጋግ ለበሰባት፤ በወሩ ለቀቃት። በዓመቱ ደግሞ እግሮቿ ደነዘዙ። የስፌት መኪናዋን መርገጫ መርገጧን ጎንበስ ብላ በዓይኗ ካላየች አታውቀውም ነበር። መንገድ ላይ ስትንገዳገድ የባሏ አባት አቶ ወልደአረጋይ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «ዛሬም ከጠላ ቤት ነሽ?» ይሏታል።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ብትሄድ ወደ አዲስ አበባ ላኳት። ሐኪሙ ከዘመዶቿ እንዲህ የሆነ ሰው እንደነበረ ጠየቃት። የአባቷ እህት አሥራ አንድ ዓመት ጓዳ ውስጥ ተደብቃ፣ መራመድ አቅቷት መሞቷን ሳትሸሽግ ነገረችው።

«መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ የነርቭን ልባስ ይጎዳል» አላት። «በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ። በሽታው ራሱ ግን እንደ ድሮ ርስት ከወላጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አንዷ ታማ ሌላዋ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ናት።»

ይህንኑ፣ የአክስቷንም ነገር ጨምሮ፣ በአማርኛ ጻፈላት። ባሏ ብርሃነ መስቀል ወረቀቱን ለአባቱ አነበበ። አባት ከዚያ ሁሉ የያዙት አንዲቱን «ዘር» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። ፍቺ ይሁን፣ ደመቀች ትሂድ፣ የአራት ዓመቷ አስካለማርያም ግን እዚህ ትቅር አሉ። ደመቀች ለፍቺው አልተከራከረችም። ልጇን ግን አልሰጥም አለች።

በሰኔ ወር 1979 ዓ.ም. የቤተ ዘመድ ዳኞች በቀበሌው አዳራሽ ተቀመጡ። ሰብሳቢው አቶ ወርቅአገኘሁ ነበሩ።

«ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው ልጄን የዳርሁት» አሉ አቶ ወልደአረጋይ። «ቁምጥና አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ የለም አሉኝ። ዘርአ ዳዊት ለካ እህቱን ጓዳ ቆልፎ ኖሯል ድግስ የደገሰልኝ! ስሙንስ ዘር ብለውታል፤ የበሰበሰ ዘር!»

አዳራሹ ሳቀ።

«የሞተ ሰው አይስደቡ» አለች ደመቀች።

«መጀመሪያ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ከዚያ ትናገሪያለሽ።»

አግዳሚውን ይዛ ተነሣች። «አባባ፣ አስካለማርያም የማን ዘር ናት?»

«የእኔ ናታ! አጥንቷ የእኔ አጥንት ነው።»

«የእኔስ የለባትም?»

«አንቺማ ተሸከምሽ እንጂ ምን አለሽ!»

አቶ ወርቅአገኘሁ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የእናት ዘር ወደ ልጅ ካላለፈ፣ አቶ ወልደአረጋይ፣ ተበላሸብኝ የሚሉት ዘር የቱ ነው?»

ሳቁ አሁን በእርሳቸው ላይ ዞረ። ፊታቸው ቀላ። «ያልፋል! ማለፉንማ ያልፋል!»

«ካለፈ ልጄም አለባት ማለትዎ ነው» አለች ደመቀች። «የበሰበሰ ያሉትን ምን ሊያደርጉት ይወስዳሉ?»

«ውሰጃት! ሁለታችሁም ከደጄ ጥፉ!»

ሰብሳቢው ወደ ብርሃነ መስቀል ዞሩ። «አንተስ?»

«አባቴ እንዳለው» አለ፤ ቀና አላለም።

ልጅቱ ለእናቷ እንድትሰጥ ተወሰነ። ደመቀች ግን አልተቀመጠችም። ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እስከ ገበያ ቀን ወሬው እነዋሪን ያዳርሳል። ነገ ለልጇ ሽማግሌ የሚልክ ሁሉ ይህችን ቀን ያነሣባታል።

«የሐኪሙ ወረቀት መዝገቡ ላይ ይስፈርልኝ» አለች።

«ልጅሽን አግኝተሽ የለም እንዴ? ወረቀቱ ምን ያደርግልሻል?» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ።

«ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ ነው። እንደ እኔ ከታመሙ እናቶች ከተወለዱ መቶ ልጆች የሚታመሙት ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው ይላል። ዘጠና ስድስቱ ደኅና ናቸው።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ተቀብለው መገልበጥ ጀመሩ። ሊወጡ የነበሩት አቶ ወልደአረጋይ ከበሩ ላይ ዞር አሉ።

«ከአራቱ አንዷ ያድርጋት!»

ደመቀች አግዳሚውን ይበልጥ ጨበጠች።

«ይህንንም ይጻፉልኝ» አለች። «አያቷ የተናገሩት ነው።»