የጥቁሩ ጠመንጃ መቀርቀሪያ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ስቶክሆልም ውስጥ ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስፓጌቲ አይወርድልኝም። የስጎ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ጆሮዬ ላይ አጥንት ሲሰበር ይሰማኛል። ለሰው ባወራው የሚያልቅልኝ ስላልመሰለኝ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ፣ ሴት ልጅ ከጠመንጃ ጋር ምን አገናኛት ለምትሉ፦ የምተኩሰው ወረቀት ላይ ነው። ሜርስታ ያለ የአውሮፕላን ጭነት መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጩኸት ነው። ቅዳሜ በሆዴ ተኝቼ፣ በዓይን የማትታይ ዒላማ በመነጽር ስፈልግ፣ ትንፋሼን ስይዝ፣ ጭንቅላቴ ጸጥ ይልልኛል። ባሌ «የሰው ሚስት ጂም ትሄዳለች» እያለ ያሾፍብኛል። የማኅበራችን ሴቶች ደግሞ «ኮማንዶዋ መጣች» ይላሉ። ይበሉ።

ወደ ክለቡ ያስገቡኝ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ስዊድን የገቡት በወጣትነታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲቀርጹ ኖረዋል። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ሐኪሙ «ተኩስ ይብቃዎት» አላቸው። ሁለት ጠመንጃ ነበራቸው። አንዱን ለእኔ፣ የተረፈውን ለሱቅ ሊሸጡ ወሰኑና «ምረጪ» አሉኝ።

መምረጥ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለቱም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የብረት መቀርቀሪያውን በእጅ ስቦ ጥይት ማጉረስ የሚጠይቁ፣ ለሩቅ ዒላማ የተሠሩ ናቸው። አንደኛው ሰደፉ የእንጨት ነው፤ ከባድና አሮጌ። የመቀርቀሪያው እጀታ ጫፍ ላይ ጋሽ ወርቁ ራሳቸው የቀረጹት ሎሚ የሚያህል ክብ ብረት አለው። ሌላው ጥቁር ነው፤ ሰደፉ አሉሚኒየም፣ ሁሉ ነገሩ በብሎን የሚጠብቅና የሚላላ፣ የመቀርቀሪያው እጀታም ቀጭንና ሹል። እኛ «እንጨቱ» እና «ጥቁሩ» ነበር የምንላቸው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሁለቱንም ክለቡ ሜዳ ላይ ሞከርኳቸው። ጥቁሩ የበሳኋቸውን ቀዳዳዎች በሙሉ አንድ ቦታ ሰበሰባቸው፤ በቡና ስኒ ይሸፈናሉ። እንጨቱ ትንሽ በተን አደረጋቸው፤ ትከሻዬ ላይ ግን የተሠራልኝ ያህል ተመቸኝ። ወረቀቱ ጥቁሩን፣ ልቤ እንጨቱን መረጠ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ሁለቱንም ብወስዳቸውስ?» አልኳቸው።

«ፖሊስ ለአንዱ ሊሰንስ እስኪሰጥሽ እንኳ ጸጉርሽ ይሸብታል» አሉኝ እየሳቁ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ሰብልዬ። እቤት ሄደን ምሳ እየበላን ትወስኛለሽ።»

ከክለቡ ስንወጣ አንድ ግራጫ መኪና ከኋላችን ነበር። ያስታወስኩት በኋላ ነው።

ጋሽ ወርቁ የሚኖሩት ስፖንጋ፣ ጓሮው የፖም ዛፍ ያለበት ትንሽ ቪላ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ አዲስ አበባ ሄደው ስለነበር ቤቱ ውስጥ እኛ ብቻ ነን። ጠመንጃዎቹን ወለወልን። የክለባችን ሕግ ነውና መቀርቀሪያዎቹን አወጣናቸው፤ ያለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ዱላ ነው። ጋሽ ወርቁ ዓይኔን አስጨፈኑኝና መቀርቀሪያዎቹን ተራ በተራ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይሄኛውስ?»

«እንጨቱ።»

«ይሄስ?»

«ጥቁሩ።»

«እኔ አሁን በእጄ ነው የማያቸው» አሉ። «እጅ አይዋሽም።»

ስፓጌቲው ሲደርስ ጠረጴዛውን ለማንሳት ቸኮልኩና መቀርቀሪያዎቹን በለበስኩት የባለቤታቸው ሽርጥ ኪስ ውስጥ ጨመርኳቸው። ጠመንጃዎቹ ሶፋው ላይ ተጋድመው ቀሩ። የጠመንጃ ማስቀመጫው የብረት ካዝናም እንደተከፈተ ነው። ያኔ የውጭው በር እንዳልተቆለፈ አየሁ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ጠመንጃ ወጥቶ በሩ ክፍት ይሆናል እንዴ?»

«ማዕድ ቀርቦ በር አይቆለፍም! ምን ነካሽ? እናትሽ አላስተማረችሽም?» ብለው ተቆጡኝ።

ዕድሜ ልካቸውን ስዊድን ኖረው ይችን ነገር አልተውዋትም። እኔም የእናቴን ስም ሲጠሩብኝ በሩን ትቼ ስፓጌቲውን አቀረብኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

ገና አንድ ጉርሻ ሳንጎርስ በሩ ተከፈተ። ሁለት ፊታቸውን የሸፈኑ ወንዶች ገቡ። አንደኛው ረጅም ነው፤ ቢላዋ ይዟል። ምንም ሳይናገር የጋሽ ወርቁን አንገት ከኋላ አንቆ ወንበራቸው ላይ አስጣበቃቸው። ሁለተኛው ደልደል ያለ ነው፤ ቀጥታ ወደ ሶፋው ሄደ። ካዝናው ውስጥ የነበሩትን የጥይት ካርቶኖች ቦርሳው ውስጥ ዘረገፋቸው። ከዚያ ጠመንጃዎቹን አነሳ፣ አየና ቆመ። መቀርቀሪያው መኖር ያለበት ቦታ ባዶ መሆኑን ለማወቅ የሚበቃ ዕውቀት ነበረው።

«የት አለ?» አለ በስዊድንኛ።

«ክለቡ ጋ ነው የሚቆለፍበት» አሉት ጋሽ ወርቁ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ።

ሰውየው ጥቁሩን ትከሻው ላይ አነገተ። እንጨቱን ከአፈሙዙ በኩል በሁለት እጁ ያዘና እንደ መጥረቢያ አንስቶ ትከሻቸው ላይ አሳረፈው። ድምፁ የደረቀ ማገዶ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ጋሽ ወርቁ አልጮኹም። አፋቸውን ከፍተው አየር ፈለጉ፤ አየሩ አልመጣላቸውም።

እኔ እንደዚያ ዓይነት ንዴት በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም። ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው። ምድጃው ላይ የሚንተከተከውን የስጎ ድስት አንስቼ በሰውየው ላይ ደፋሁበት። አንገቱን አገኘው። እንደ ቆሰለ ከብት ጮኸ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ረጅሙ ጋሽ ወርቁን ለቆ በቡጢ አፌን መታኝ። ጭንቅላቴ ከፍሪጁ ጋር ተላተመና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምላሴ ላይ ጠንካራ ነገር ነበር። ጥርሴ ነው።

የተቃጠለው ሰው ንዴቱን የተወጣው በእኔ ላይ አልነበረም። ወደ አዛውንቱ ተመለሰና በእንጨቱ ሰደፍ ይወግራቸው ጀመር። ክንዳቸውን ቢያነሱ ክንዳቸውን መታው። ወንበሩ ተገለበጠ። ወለል ላይ ወድቀውም አልተዋቸውም፤ ጎናቸውን፣ ጀርባቸውን፣ እንደገና ያችኑ ትከሻ። በመጨረሻ ሰደፉ ራሱ ከሚቀጥንበት ቦታ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ሰውየው የቀረውን ወርውሮ ግድግዳ ላይ አጋጨውና ጥቁሩን ከትከሻው አወረደ።

ረጅሙ ተንበርክኮ ቢላዋውን ጋሽ ወርቁ ጉሮሮ ላይ አደረገ። የቆዳቸውን መሰንጠቅ አየሁ። ደሙ ወደ ነጩ ሸሚዛቸው ወረደ።

«የዚህን አምጪ» አለኝ የተቃጠለው፣ ጥቁሩን እያሳየኝ። «አለበለዚያ ይታረዳል።»

ጋሽ ወርቁ ፊታቸው ወለሉ ላይ እንደተጣበቀ በአማርኛ ተናገሩ።

«ሰብለ፣ እንዳትሰጪ። እኔ ኖሬያለሁ።»

እሺ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ሰው ሲታረድ ተቀምጬ የማይ ሰው አይደለሁም። ያ ጠመንጃ ከሩቅ ምን እንደሚያደርግ ግን እዚያ ቤት ካለነው ሁሉ አብልጬ አውቃለሁ። ጠዋት እነዚያን በስኒ የሚሸፈኑ ቀዳዳዎች የበሳሁት በዚህችው ጣቴ ነው። ለእነዚህ ሰዎች አሟልቼ ብሰጣቸው ወረቀት ላይ እንደማይተኩሱበት ልጅም ያውቀዋል። ብሰጥ አንድ የማላውቀው ሰው ይሞታል፣ ብከለክል ጋሽ ወርቁ ዓይኔ እያየ ይሞታሉ።

እጄን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሁለቱ ብረቶች እንዳይጋጩ በጣቴ ለያየኋቸው። ዓይኔን ከሰውየው ዓይን ላይ አልነቀልኩም። ቀጭኗ ሹል እጀታ ትንሽ ጣቴን ነካችኝ። ሎሚ የሚያህለው ክብ ብረት መዳፌ ውስጥ ገባ።

ጠዋት ሙሉ መምረጥ ያቃተኝ ሰው ያን ጊዜ መረጥኩ። የእንጨቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

ሰውየው ጥቁሩ ውስጥ ሊያስገባው ሞከረ። የአንዱ ለሌላው አይገባም፤ ውፍረታቸው ይለያያል። ጓንት አድርጓል፣ አንገቱ ይንቦገቦጋል። ቀና ብሎ አየኝ።

«አሁን ስለተወለወለ ደርቋል» አልኩት በስዊድንኛ፣ ደም እየተፋሁ። «ዘይት ይፈልጋል።»

ያመነኝ አይመስለኝም። ግን ረጅሙ በመስኮት እያየ «መኪና!» ብሎ ጮኸ። የጎረቤት መኪና ነበረች፤ ከገበያ እየተመለሰች። የተቃጠለው ብረቱን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ጨመረ፤ ጥቁሩን ይዘው በወጡበት ቅጽበት የግራጫዋ መኪና ሞተር ተነሳ።

እየዳህኩ ሄጄ በሩን ቆለፍኩ። ለፖሊስና ለአምቡላንስ ደወልኩ። የምግብ ፎጣ ይዤ ጋሽ ወርቁ አንገት ላይ ጫንኩ። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። እሳቸው ግን የሚያዩት ቁስሉን አልነበረም።

«ሰጠሻቸው?»

«ሰጠኋቸው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩብኝ። «አላልኩሽም?» አሉ። «በእኔ ጠመንጃ የሰው ደም ሊፈስ ነው። ምነው ዝም ብለሽ ብታስጨርሺኝ!»

የቀረውን መቀርቀሪያ ከኪሴ አውጥቼ ጤነኛው እጃቸው ላይ አደረግኩላቸው። ጣቶቻቸው ብረቱን ዳሰሱት፤ እጀታውን ተከትለው ሄዱ፤ ሹሉ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«የጥቁሩ!» አሉ። «አንቺ ሸረኛ! አንቺ የሸረኛ ልጅ!»

ይስቁ ጀመር። ሲስቁ የተሰበረው የጎን አጥንታቸው ይወጋቸዋል፣ ይጮኻሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ ደምና ስጎ ለብሰው ወለል ላይ ሲስቁ አገኙን። ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቅ።

ከጊዜ በኋላ አንዲት መርማሪ ፖሊስ ጠራችኝ። የተቃጠለውን ሰው ይዘውታል፤ አንገቱ ላይ የእኔ ስጎ ማኅተሙን ትቶ ነበርና መካድ አልቻለም። ጥቁሩም መኪና ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኝቷል። የእንጨቱ መቀርቀሪያ ግማሽ ድረስ ተሰክቶበት ተቀርቅሯል። ያ ጋሽ ወርቁ የቀረጹት ክብ ብረት በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጠፍጥፏል። አንድ ሰው ብዙ ለፍቶበት ነበር።

ከዚያ መርማሪዋ ከሰውየው ስልክ የተገኘ ፎቶ አሳየችኝ። «ይህን ቦታ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። ከሩቅ የተነሳ በረንዳ ነው። የተሰጣ ልብስ ይታያል፤ ጥግ ላይ ቀይ የሕፃን ብስክሌት ቆሟል። አላውቀውም አልኩ። እውነቴን ነው። ጥቁሩ ሊያነጣጥር የነበረው ወደዚያ በረንዳ እንደሆነ ግን ገባኝ።

ጋሽ ወርቁ ድነዋል፤ ቀኝ ክንዳቸው ግን ከትከሻ በላይ አይወጣም። አሁን በራቸውን ይቆልፋሉ፤ እንግዳ ሲገባ ቁልፉን እያዞሩ «ይቅርታ፣ ነውር ነው፣ ግን ምን ይደረግ» ይላሉ። ይህን ስሰማ በዚያ በወገራቸው ሰው ላይ ሁለተኛ ድስት መድፋት ያምረኛል። ይቅር ብዬዋለሁ የሚሉት ነገር እኔ ዘንድ የለም። ሊሰንስ የጠየቅሁት ለእንጨቱ ነው። አዲስ ሰደፍና አዲስ መቀርቀሪያ ተሠራለት። አሁንም ቀዳዳዎቹን በተን ያደርጋቸዋል፤ ግድ የለኝም።

በቅርቡ ሪንከቢ አትክልት ልገዛ ሄጄ ነበር። ከገበያው ወደ ባቡሩ ስመለስ፣ ከዚያ ፎቶ ወዲህ እንደ ልማዴ፣ ቀና ብዬ በረንዳዎቹን እያየሁ ነበር። ያች ብስክሌት አለች። ቀይ ናት፣ አንድ ጎማዋ ተጣሟል። ከጎኗ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ልብስ ታሰጣለች፤ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶና የወንድ ድምፅ ይሰማል። የቲማቲም ፌስታሌን ይዤ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሴትዮዋ አየችኝ። መጀመሪያ ማስጣቷን ቀጠለች። አልሄድ ስላት ግን የያዘችውን ልብስ ወርውራ በረንዳው ላይ አጎነበሰችና በስዊድንኛ አምባረቀችብኝ።

«ምን ታፈጫለሽ? ሰው አይተሽ አታውቂም? ሂጂ ከዚህ!»

«ይቅርታ» ብያት መንገዴን ቀጠልኩ። ባቡሩ ውስጥ እስክገባ ድረስ ስድቧ ይከተለኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።