የግራፊክስ ካርዱ ምክር

ጭሮ ውስጥ ከቀትር በኋላ የተነገረ እቅድ እስከ ማታ አይደርስም። ሰው ጫቱን ይዞ ከተቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ ፎቅ ይሠራል፣ አይሱዙ ይገዛል፣ በበደሳና በመቻራ ቅርንጫፍ ይከፍታል፤ ምርቃናው ሲበርድ ፎቁም አይሱዙውም የሉም። ስለዚህ የምር ምክር የቸገረው ሰው የማይቅም ሰው ይፈልጋል። እኔ አልቅምም። ጴንጤ ነኝ፤ በከተማችን ደግሞ ጴንጤ አይቅምም፣ አይጠጣም፣ አይዋሽም ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ነበር። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ስቱዲዮ ነበረኝ፤ እዚያም አንዲት ሴት ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ስትመጣ ማውስ መያዝ አታውቅም፤ ስትሄድ ግን ምስል በመቁረጥና በመቀጠል ከእኔ ትበልጥ ነበር። በአሥር ዓመት ብቻ ነው የምበልጣት፤ ቢሆንም ከ«ጋሼ» እና ከ«እርስዎ» ወርዳ አታውቅም። አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ «ይፍቀዱልኝ፣ የራሴን ልሞክር» አለችኝ። ሳቅ ብዬ መረቅኳት። ለስንብት ብዬም አሮጌውን ኮምፒውተሬን ሰጠኋት። ሰው ሁሉ ደግነቴን አወራ፤ እኔም ሲያወሩ ደስ አለኝ።

ደስታዬ አንድ ወር አልቆየም። ከመንገዱ ማዶ የራሷን ስቱዲዮ ከፍታ የሙስሊም ሰርጎችን በሙሉ ወሰደችብኝ። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ገልጠው የሚጨፍሩበት ክፍል ወንድ አይገባም። ያን ክፍል እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የማውቀው ከበሩ ውጭ ሆኜ፣ በድምፁ ብቻ ነው። እሷ ካሜራዋን ይዛ ገባች። ለእያንዳንዷ ሙሽራም «የቀረጽኩት እኔ፣ የምሠራውም እኔ፤ ወላሂ የወንድ ዓይን አያርፍበትም» ብላ ቃል ትሰጥ ነበር። ከመቻራ ሳይቀር በዚያ አጥንት በሚሰብር መንገድ መኪና ልከው ይወስዷት ጀመር። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ካሜራዋን ስትጭን አያለሁ። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬአለሁ፤ ቅናት ነው።

ረመዳን ሲቃረብ ሰርጉ ይደራረባል፤ ጾሙ ሳይገባ ሁሉም ልጁን መዳር ይፈልጋል። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ሰርግ ሠርቶ ለማውጣት ሙሉ ቀን ያምጣል፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ ይጀምራል። በቃሏ ምክንያት ሥራውን ለሌላ ሰው ማካፈል አትችልም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ትርፍ ጊዜዬን እሷን በመከታተል ነበር የማሳልፈው።

አንድ ጠዋት፣ ጫቱ ገና ገበያ ሳይወጣ፣ ወደ ስቱዲዮዬ መጣች። ሰዓቱን የመረጠችው አስባበት ነው።

«ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነው። አዲስ አበባ የሚሠሩ ልጆች ግራፊክስ ካርድ ግዢ አሉኝ። ትልቁን። የምስሉን ሥራ እሱ ይሸከምልሻል፣ ቀን ሙሉ የሚፈጅብሽ በግማሽ ሰዓት ያልቃል አሉ። ዋጋው ግን ሁለት የምትታለብ ላም ያስገዛል። ያዋጣኛል?»

«ሌላ ማንን ጠየቅሽ?»

«የሰፈራችንን ጄኔሬተር ጠጋኝ። አትግዢ አለኝ። የዚህ ኮምፒውተር ፓወር አይችለውም፣ ውርንጭላ ላይ ኩንታል ማሽላ መጫን ነው አለኝ።» ሳቀች። «በርጫ ላይ እየቃመ ነበር ግን። የምርቃና ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። እርስዎ አይቅሙም፣ አይዋሹም።»

ጠጋኙ ልክ ነበር። ያን ኮምፒውተር ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሆዱን ከፍቼ ስንት ጊዜ አቧራውን ነፍቼለታለሁ። ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ የሚሉት ሳጥን ለቢሮ ጽሕፈት የተሠራ ደካማ ነገር ነበር። ያን ካርድ ቢያስነሳው እንኳ ሥራ ሲበዛበት ይሰናከላል። ስለዚህ ልላት የሚገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካርዱን ከገዛሽ አይቀር ፓወሩንም ቀይሪ። እሱ ደግሞ ከካርዱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ጠንካራ ፓወር እኔው መደርደሪያ ላይ፣ ከነካርቶኑ፣ ከጭንቅላቷ በላይ ተቀምጦ ነበር።

«ያዋጣል» አልኳት። «ግዢው።»

«ኮምፒውተሬ ይችለዋል?»

«የእኔ አልነበረ እንዴ? ይችላል።»

«ወላሂ ይበሉኝ።»

«እኛ አንምልም» አልኳት። ይህን ስትሰማ ይበልጥ አመነችኝ።

እናቷ ትታላት የሞተችውን የአንገት ወርቅ ሸጠች። ወርቁን አውቀዋለሁ፤ ለዒድ ካልሆነ አታወጣውም ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ ካርዱን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአውቶቡስ ተመለሰች። እንደ ደረሰች ያመጣችው ወደ እኔ ነው። «ይግጠሙልኝ፣ እጅዎ በረካ አለው» አለች። ገጠምኩላት። ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ከባድ፣ የሚያምር ነገር ነበር። ተነሣ፤ ምስሉ ያለ እንቅፋት ፈሰሰ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ሰርግ ልታወጣ ቁልፉን ስትጫን ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። መብራት የጠፋ መስሏት ቀና ብላ አየች፤ አምፖሉ ይበራል። እንደገና አስነሥታ ተጫነችው፤ እንደገና ድርግም። ካርዱን አውጥታ በቀድሞው እንዳትቀጥል፣ እንዲያ ድርግም ሲል ሲል የውስጥ ዲስኩ ተነክቶ አሮጌው ኮምፒውተር ጭራሽ እየተንገዳገደ ነበር። ስትጠራኝ ሄድኩ። ክዳኑን ከፍቼ፣ በእጅ ባትሪ ውስጡን እያበራሁ፣ ፊቴን አጨማድጄ ቆየሁ። የምፈልገው ነገር እንደሌለ እያወቅሁ ግማሽ ሰዓት ፈለግሁ።

ጠጋኙ ያኔ ደረሰ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፤ በክንዱ ስር አንድ ያገለገለ ፓወር ይዟል።

«ይሄን ቀይሩለት» አለ። «ቢሠራ ትከፍሊኛለሽ፣ ባይሠራ ትመልሽልኛለሽ። ማል ጎና፣ ሌላ ምን እናድርግ?»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። እሱም ወደ እኔ ዞረ።

«የፓወር ችግር አይደለም» አልኩ። «እሱን ብትቀይሪ ጭራሽ ካርዱን ያቃጥልብሻል። ስትሸከሚው ተጋጭቶ ይሆናል፤ አያያዝ ይፈልጋል።»

ጠጋኙ ማኘኩን አቆመ። «አንተ፣ ይሄን ነገር አታውቀውም?» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ እህቴ፣ ንቂ» አላት።

ተቆጣች። ስድስት ዓመት ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «አንተ በምርቃና የምትናገረውን ትቼ ጋሼን ልጠርጥር? እሱ ነው ያስተማረኝ። ይሄን ኮምፒውተርም የሰጠኝ እሱ ነው። ውጣልኝ!» በንዴቷ «እሳቸው» ማለቱን ረስታው ነበር። ሰውየው ፓወሩን ታቅፎ ወጣ። እኔ ክዳኑን መልሼ አሠርኩ። ብሎኖቹን በደንብ አጠበቅኳቸው።

በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ልናገር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሁድ መጥቶ የመዘምራኑን ዝማሬ እንደ ወትሮዬ ቀረጽኩ። ጸለይኩም፤ ስለ እሷ ግን አልጸለይኩም።

ሙሽሮቹ ጠበቁ። አንዷ ቪዲዮዋን ሳታገኝ ከባሏ ጋር ወደ ቦኬ ሄደች። የበደሳዋ ሙሽራ እናት መጥተው ደጃፏ ላይ ተቀመጡ፤ አልጮሁም፣ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላትም አልተነሡም። ከዚያ ወሬው መጣ፤ ቪዲዮውን ለወንድ ሰጥታው ነው የዘገየው፣ የልጆቻችንን ፀጉር አንድ ወንድ እያየው ነው። ወሬውን እኔ አልጀመርኩትም። ሰዎች መጥተው «እውነት ነው እንዴ?» ሲሉኝ ግን «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳቸው። የጴንጤን «እኔ ምን አውቃለሁ» ሰው በራሱ መንገድ ነው የሚተረጉመው።

ጾሙ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው መጣች። ከስታለች። ካርዱ በዚያው ሻርፕ ተጠቅልሎ እጇ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር ጉልበት አለው። በመጋረጃ ይጋርዱልኝና እኔው ቁጭ ብዬ ልጨርሰው። ቃሌን እንዳልበላ ነው።»

«ደንበኛሽን እዚህ አስገብተሽ እኔ ምን ልሁን?» አልኳት።

ገባት። ለመግባባት ብዙ ንግግር አላስፈለገንም። ሱቁን ትለቃለች፤ ተመልሳ ለእኔ ትሠራለች፤ ከእንግዲህ የሴቶቹን ክፍል የምትቀርጸው በእኔ ስቱዲዮ ስም ነው። ደመወዙን እኔ ተናገርኩ፤ ከስድስት ዓመት በፊት የጀመረችበት ነበር። «ኤዬ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። በማግስቱ የሱቋን ታፔላ ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ አወረደችው፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩላት።

ካርዱን ጠንካራ ፓወር ባለው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ገጠምኩት። ነጠላ በገመድ ወጥሬ ጋረድኩላትና ከወዲህ በኩል ተቀመጥኩ። ከወዲያ የሴቶቹ እልልታና የከበሮው ድምፅ ይሰማኛል፤ አሁንም በድምፅ ብቻ። የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የካርዱ ማራገቢያዎች ከፍ ብለው ተነፈሱ። ድርግም የሚል ነገር የለም።

«ጋሼ! ጨረሰው! ሻይዎን እንኳ ጠጥተው አልጨረሱም!» ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ፊቷን አወጣች። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «እውነትዎን ነበር። ካርዱስ ዋጋው አይቆጭም። አያያዙን ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ያ ቃሚ አትግዢ ብሎኝ ነበር፤ ብሰማው ኖሮ ይሄን መቼ አየው ነበር?»

ጣቴን ወደ ስክሪኑ ጠቁሜ ቀጣዩን ሰርግ እንድትጀምር ነገርኳት። ነጠላውን ከመመለሷ በፊት ግን ሁለት እጆቿን እንደ ዱዓ ዘረጋች።

«አላህ እንደ እርስዎ ያለ መካሪ ለሁሉም ይስጥ» አለች።

ጠበቀችኝ። ሰው ሲመርቅህ ዝም አይባልም።

«አሜን» አልኩ።