በወንድሜ ስም ሲጠሩኝ

የያዙኝ ባሕሩ ዳር ነው። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ስለነበር ከኋላዬ ሲመጡ አልሰማሁም። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛው ትከሻዬን ያዘና በፈረንሳይኛ «አውርዳት» አለኝ። ድሮኗን አወረድኳት። ጭቃው ላይ እንዳታርፍ ብዬ በእጄ ተቀበልኳት።

ከዚያ በፊት የሆነውን ካልጻፍኩ ሌላው አይገባም።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ሥራው ሠርግ መቅረጽ ነው። ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ያለነው ሐበሾችም፣ ባልባላ ያሉት ሶማሌዎችም፣ አፋሮቹም ይጠሩታል። ድሮን ከገዛ በኋላ ለእያንዳንዱ ሠርግ ፈቃድ ያወጣ ነበር። ሌሎቹ አያወጡም። እሱ ግን ከተማችን ጠባብ ናት ይላል፤ ኤርፖርቱ እዚያው፣ የውጭ ወታደሮቹ ካምፕ እዚያው፣ ወደቡ እዚያው። «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰፈር፣ የተጻፈው ሰዓት ብቻ» ይለኛል። «ከማኮብኮቢያው ራቅ። ከሰው አናት በላይ አትሂድ። ከዓይንህ አታጥፋት።» ባትሪ የምይዝለት እኔ ስለሆንኩ በቃሌ አውቀዋለሁ።

አንድ ዓርብ ከጓደኛው ጋር በትንሽ ጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ከምሲን የምንለው ትኩስ ነፋስ ድንገት ተነሣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ጓደኛው ዋኝቶ ወጣ። «እጁን ይዤው ነበር» አለን። 

የባሕር ጠባቂዎቹ ፍለጋ ጀመሩ። እናቴ ድንኳን አይተከልም አለች። ሬሳ ሳይገባ ለቅሶ አልቀመጥም፣ ፍትሐቱስ በምን ላይ ይደረጋል አለች። ጎረቤቶች ይመጡና በሩ ላይ ይቆማሉ። እግዜር ያጽናሽ አይሉ ነገር፣ እንኳን ተረፈልሽ አይሉ ነገር።

በሦስተኛው ቀን ድሮኗን ከቁም ሣጥኑ አወጣኋት። ባሕሩ ሲሸሽ የሚወጣው ጭቃ በእግር አይኬድበትም፤ ሰው እስከ ጉልበቱ ይገባል። ከላይ ግን ሁሉም ይታያል። ቦታው ለኤርፖርቱ ቅርብ መሆኑን አውቃለሁ። ስክሪኑም ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ተቀብያለሁ የሚለውን ነካሁት። ኪሴ ውስጥ ወንድሜ ለሚመጣው ሐሙስ ሠርግ ያወጣው ፈቃድ ነበር። ስሙ የእሱ ነው፤ ሰፈሩ ዋራበሌ ይላል። ያለ ወረቀት ከመያዝ ይሻላል ብዬ ነው የያዝኩት። በቤታችን የእሱ የሆነ ሁሉ የእኔም ነው፤ ሸሚዙ፣ ጫማው፣ ስልኩ። ፈቃዱም እንደዚያ መሰለኝ።

ፖሊሱ ወረቀቱን አነበበው። «ይሄ አንተ ነህ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

ያሰሩኝ ክፍል ርዝመቱ አምስት እርምጃ ነበር። ዘጠኝ ሰው ነበርን። ግድግዳውን ጨው በልቶት ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የበረኪና ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ቬንቲሌተሩ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ የሚዞረው ለጠባቂው ነው፤ እኛ ድምፁን እንሰማለን። ውሃው በቢጫ ጀሪካን ነው፤ እስከ ቀትር ሻይ ያህል ይሞቃል። በላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል።

አማርኛ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ከወሎ በእግሩ መጥቶ ወደ የመን ሊሻገር ሲል የተያዘ ወጣት ነው። ሌላው ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ መምህር ነው። በስልኩ በጻፈው ነገር ታስሮ ሰንብቷል። ምን እንደጻፈ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

«በምን መጣህ?» አለኝ ወሎዬው።

«በድሮን።»

«እኔ ያን ሁሉ በረሃ በእግሬ፣ አንተ በአየር። ያው አንድ ቤት ገባን።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወዲያው አፈርኩ።

ሲጠይቁኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። ለማን ነው የቀረጽከው? ካምፑ ሥዕሉ ጥግ ላይ ገብቷል። ለሠርግ ቪዲዮ የባሕር ሥዕል ፈልጌ ነው አልኩ። ስለ ወንድሜ አልተናገርኩም። ብናገር ስሙን ይጠይቁኛል። ስሙን እኔ ወስጄዋለሁ።

ከተያዝኩ በሦስተኛው ቀን ጠባቂው በፍርግርጉ በኩል ወንድሜን በስሙ ጠራ። «እናትህ ልካልሃለች» አለና ፌስታል አቀበለኝ። ፈቃዱ ላይ የቤታችን ስልክ ነበር፤ ደውለው ነግረዋታል። ደኅና መሆኔን መስማቷ ደስ አለኝና ፌስታሉን ፈታሁት።

አልጫ ምስር ነበር፣ በዳቦ። የጨጓራ ሽሮፕ ነበር። የወንድሜ ነጭ ካናቴራ ታጥፎ ነበር። ከሥሩ በእናቴ እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ።

እንዲህ ይላል፤ «ልጄ፣ መድኃኔ ዓለም የተመሰገነ ይሁን። ከባሕር እንዴት እንደወጣህ ስትመጣ ትነግረኛለህ። ባሕር ላይ ለሚፈልጉህ ሰዎች ተገኝቷል ብለናቸው አመስግነን ሸኝተናቸዋል። ታናሽህ አንተን ፍለጋ እንደወጣ አልተመለሰም፤ መትረፍህን ሲሰማ ይመጣል። መድኃኒትህን በባዶ ሆድ እንዳትወስድ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለመምህሩ ሰጠሁት። አማርኛ ማንበብ ይከብደዋል፤ ቀስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሲጨርስ እንደነበረው አጥፎ መለሰልኝ።

«ማነው የሞተው?» አለኝ።

ነገርኩት።

ጠጋ አለኝ። «ስማኝ» አለ። «ዛሬ ያንተ ጥፋት የቦታ ጥፋት ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ሰፈር ተሳስቷል። ቀጥተው ይለቁሃል። ስሜን ዋሽቻለሁ ካልክ ግን ሌላ ነው። ካምፕ አጠገብ በሰው ስም የሚያበር ሰው ምን ይባላል?»

«ሰላይ» አለ ወሎዬው።

«አንተ ዝም በል። ሁለት ሦስት ቀን ታገሥ። ትወጣለህ፤ ለእናትህ በቤቷ ትነግራታለህ።»

«ፍለጋው ቆሟል። ባሕሩ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል ጋሼ?»

ወደ ኮሪደሩ አየ። «ከተናገርክም ጫት ሳይገባ አትናገር። ጠባቂዎቹ እስከ ቀትር ክፉ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሰዎች ይሆናሉ» አለኝ።

 ምግቡን ለወሎዬው ገፋሁለት። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰና፣ «እማማ በርበሬ ረሱ እንዴ?» አለ።

«ጨጓራ አለበት» አልኩት።

«ማን?»

«ወንድሜ።»

ዳቦውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም።

ያን ዕለት ጫቱ ገባ። ጠባቂዎቹ ጉንጫቸውን ሞልተው ተቀመጡ። አንደኛው ሲጋራ አደለን። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልተናገርኩም። እናቴ በዚያች ሰዓት ቤት ውስጥ ምን እያደረገች እንደሆነ አሰብኩ። በሩ ተከፍቷል። ጎረቤቶች ገብተው ተቀምጠዋል። እንኳን ደስ አለሽ ይሏታል። አንድ ማታ ልተውላት አልኩ። ፈርቼም ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

የስም ጥሪ ጠዋት ነው። ሁላችንም ወደ ፍርግርጉ እንቀርባለን። ኃላፊው ከዝርዝሩ ያነባል፤ የተጠራው «ፕሬዛን»፣ አለሁ፣ ይላል። በማግስቱ ወሎዬውን ጠራ። መምህሩን ጠራ። ወንድሜን ጠራ።

ዝም አልኩ።

ደግሞ ጠራው። ድምፁን ከፍ አደረገ። ጎኔ ያሉት ዘወር ብለው አዩኝ።

«ሞቷል» አልኩ።

ኃላፊው ዓይኑን ከወረቀቱ አነሣ። «አንተ ማነህ ታዲያ?»

«ታናሹ ነኝ።» ስሜን ከነአባቴ ተናገርኩ። ቃሎቹ አፌ ውስጥ ወፈሩብኝ፤ ስሜን ከተናገርኩ ሦስት ቀን አልፎ ነበር።

«ትናንት ሌላ ሰው ነበርክ።»

«ዋሽቼ ነው።»

የመምህሩ መዳፍ ጀርባዬ ላይ አረፈ። እስኪያወጡኝ ድረስ አላነሣውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሜ ዋልኩ። ለማን ነው፣ ማን ላከህ፣ ስንት ሰጡህ። መልሴ አጭር ነበር፤ ጥያቄው ግን አላለቀም። ከሰዓት በኋላ የተጻፈ ቃል አመጡልኝ። የተከለከለ ቦታ መቅረጼ፣ በሰው ፈቃድና በሰው ስም መጠቀሜ ተጽፏል። እውነት ነው።

«መጀመሪያ ወንድሜ መሞቱ ይጻፍ» አልኩ። «ዓርብ ባሕር ላይ መስጠሙ ይጻፍ። ፈቃዱን በሕግ ያወጣ እሱ መሆኑ ይጻፍ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

«ይሄ አንተን ምን ይጠቅምሃል?» አለኝ ጠያቂው።

«እኔን አይደለም።»

 እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አነሣና አስቀመጠ። ወንበር ላይ እንድቀመጥ እንኳ አልነገረኝም ነበር፤ ያኔ ግን በእግሩ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋው። ወረቀቱን ቀዶ አዲስ ጀመረ። ከላይ ወንድሜን ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ስልክ አንሥቶ የባሕር ጠባቂዎቹን አነጋገረ። «አይደለም፣ የተገኘው ሌላው ነው» ሲል ሰማሁት። ሌላው እኔ ነኝ።

ጀልባ ወጣ። አላገኙትም። ከዚያ ከምሲኑ በረታና ጀልባ መውጣት ተወ።

ለእናቴ ማን ሄዶ እንደነገራት አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም። እኔ ወራት ቆይቼ ነው የወጣሁት። ሰላይ አልተባልኩም፤ ሌላው ጥፋቴ በቂ ነበር። ቤት ስገባ ጥቁር ለብሳ አገኘኋት። ድንኳኑን ያለ ሬሳ ተክላ፣ ካናቴራውን ባይመልሱላትም ሌላ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግታ አልቅሳለታለች። ሳመችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ያን የላክኩትን ምግብ በላኸው?» አለችኝ።

«አልበላሁትም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥታው አታውቅም።

ድሮኗን አልመለሱልኝም። ብትመለስም ማብራት የምችል አይመስለኝም። ባሕሩ ዳር ግን እሄዳለሁ፤ ውሃው ሲሸሽ ቆሜ አይና እመለሳለሁ።

ወንድሜን ከሟቾች መዝገብ ለማስገባት በሄድን ጊዜ ማስረጃ አምጡ አሉን። ሬሳ የለም፤ ሐኪም አላየውም። የነበረው እኔ የፈረምኩት ቃል ነው። ግልባጩን ከፍርድ ቤት አወጣሁ። የመዝገቡ ጸሐፊ የመጀመሪያውን መስመር አነበበችና ሌላውን ሳታይ ማኅተም መታች።

ወረቀቱ አሁን እናቴ ጋ ነው። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ስለሆነ አንዳንድ ቀን አንብብልኝ ትለኛለች። የመጀመሪያውን መስመር በአማርኛ አነብላታለሁ። ስሙን ስጠራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ በታች ምን እንዳለ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ታጥፈዋለች።