የወለላ ተራ

ላቀው ተራራው ላይ፣ የዱር አራዊት ፓርክ ውስጥ የነበረችው የጊች መንደር ሰው ነው። መንደሩ ለፓርኩ ሲባል ሲነሳ ደባርቅ ላይ ቦታ ተሰጠውና የቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ የገብስ መሬቱ ግን አብሮት አልወረደም። አብራው የወረደችው ወለላ ናት። ወለላ በቅሎ ናት፤ ጠጉሯ የማር ወለላ የመሰለ፣ ጭነት ሲያጋድልባት እስኪያቃኑላት ቀጥ ብላ ቆማ የምትጠብቅ፣ ከላቀው ሌላ ሰው ሊጭናት ሲል ግን ሆዷን ነፍታ የምታሾፍ። ላቀው ሃምሳውን አልፏል። ከሚስቱ ከዓለምዬ፣ ከወለላና ከጥቂት በጎች በቀር የኔ የሚለው ነገር የለውም።

ደባርቅ ላይ በቅሎ ላለው ሰው ሀብቱ በቅሎዋ ብቻ አይደለችም፤ ተራዋም ናት። የጫኞች ማኅበር ከሁለት መቶ የሚበልጡ በቅሎዎች በመዝገብ ጽፏል። ቱሪስት ሲመጣ ከላይ ጀምሮ ይጠራል። የተጠራችው በቅሎ ጓዙን ጭና ወደ ተራራው ትወጣለች፤ አንዴ ከተጫነች ተራዋ ተበላ ይባላል፣ ወደ መዝገቡ ጭራ ትወርዳለች። ሲጠሩት ያልተገኘ ሰውም እንዲሁ ይወርዳል። ደንቡ ለማንም አያዳላም። ጥሩ ዓመት ከሆነ ተራ ሦስት አራት ጊዜ ይደርሳል።

በመጋቢት 2012 ላቀው አንደኛ ሆነ። በማለዳ ስሙ ተጠራ፤ ባልና ሚስት ፈረንጆች ነበሩ፣ ለስምንት ቀን ራስ ዳሸን ድረስ የሚሄዱ። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ድስቱን ሁሉ ጫነ፤ መጫኛውን አጥብቆ «በስመ አብ» አለና ተነሳ። የፓርኩ በር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ለአስጎብኚው ስልክ ተደወለለት። አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ፈረንጆቹን በቋንቋቸው አናገራቸው፤ ሴቲቱ አለቀሰች። ኮሮና የሚሉት በሽታ አገር ገብቷልና አውሮፕላን ሳይቆም፣ ሰማይ ሳይዘጋ በቶሎ ተመለሱ ተብለዋል። መኪና መጥቶ ከነጓዛቸው ወሰዳቸው። ላቀው ባዶዋን ወለላን እየሳበ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ የማኅበሩ ጸሐፊ ገዱ መዝገቡን ከፈተና ብዕሩን ይዞ ቀረ።

«ላቄ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ተጭናለች። ከተጫነች ደግሞ ተራዋ ተበልቷል።»

«የት ደርሼ ነው የተበላው? የፓርኩን በር እንኳ አላየሁት!»

«ደንቡ ስለ በር አያወራም። ስለ መጫን ነው የሚያወራ።»

«እንግዲያስ አልተበላም በለኛ!»

«እሱንም እኔ አልልም። ሽማግሌ ይበል።»

ለሰሚ ተራ ነገር ይመስላል፤ ለላቀው ግን ቤቱ ያለው በዚህች ነገር ላይ ነው። ተራው ካልተበላ አንደኛ ነው፤ የመጀመሪያው ፈረንጅ የመጣ ዕለት ይጭናል፣ ስለዚህ ወለላን እንደ ምንም ቀልቦ ማቆየት አለበት። ከተበላ ግን ከሁለት መቶ ሰው ኋላ ነው። ያን ያህል ጊዜ የምትበላውን ገብስ ከየት ያመጣል? መሸጥ ነው። አንድ የመካነ ብርሃን ነጋዴ ደግሞ ዓይኑን ከጣለባት ቆይቷል። ላቀው የፈለገው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ተበላ፣ ወይም አልተበላም።

የማኅበሩ ሽማግሌዎች አምስት ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ። ቀጠሮው ለሚያዝያ አንድ ሆነ። በዋዜማው አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው ተባለ።

እንግዲህ ይህን ምን ይሉታል? በአራት እንዳይፈርዱ፣ ሁለት ለሁለት ቢከፈሉ ፍርድ የለም ተብሎ ነው ከጥንቱም አምስት የተደረጉት። በአምስት እንዳይቀመጡ ፖሊስ አለ። በአንድ ሰው ትርፍ የላቀው ነገር እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ላቀው በሽታ ያውቃል። ሰው ይታመማል፣ ይጠየቃል፣ ይድናል ወይ ይቀበራል። ይኸኛው ግን ግራ ገባው። የሚያውቀው ሰው አንድም ሳይታመም ሆቴሉ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሕዝቡ ተራርቆ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሞ ያስቀድስ ጀመር። ስልክ ሲደውል ገና ሳይጠራ አንዲት ሴት እጅህን ታጠብ ትለዋለች፤ የቦኖው ውሃ ግን በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣ። ሰላም ሊል እጁን ሲዘረጋ በክርን ይገፉታል። ፈረንጅ ይዞ ይወጣ የነበረው አስጎብኚ ሽንኩርት ሲቸረችር አገኘውና አፍሮለት መንገድ ቀየረ። ለቅሶ ሳይኖር ከተማው ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር። በሽታው የት እንዳለ የጠየቀው ሁሉ «አዲስ አበባ» ይለዋል። እንግዲያ እኛ ለምን ተራብን ሲል የሚመልስለት የለም።

እንዲያም ሆኖ በየማለዳው ወለላን ይዞ የማኅበሩ በር ይሄዳል። ሲጠሩት ያልተገኘ ይወርዳላ! ጠሪ እንደሌለ አጥቶት አይደለም። በሩ ተቆልፎ፣ እሱና በቅሎው ከቁልፉ ፊት ቆመው ይውላሉ። መንገደኛው ይስቅበታል። ይሳቅ! ሰው ያለችውን አንዲት ነገር በመቆም የሚያተርፋት ከመሰለው ይቆማል። እኔ ብሆን አላደርገውም ለማለት አልደፍርም።

ዓለምዬ ግን አልሳቀችም። በሰኔ ከጎታው ሥር ገብስ ስትጠርግ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህ ገብስ ለኛ ነው ለሷ?»

«ለሦስታችንም ነው።»

«ሦስት ሆነን ልንሞት ነው በለኛ! ነጋዴው ትናንትም ልኮ ነበር። ሽጣት።»

«አንደኛ እኮ ነኝ፣ ዓለምዬ። ምናልባት።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ምናልባትን ቆልቼ ልብላው?»

እውነቷን ነው። ተነስቶ መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄደ። መምሬ ከቤታቸው ደጅ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል፤ እሱ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ይላል፣ መምሬ?»

«ክርክር ነው ልጄ። ምርጫው በበሽታው ሰበብ ተላለፈ። የሹሞቹ ዘመን ደግሞ ሊያልቅ ነው። አንዱ ወገን ያስቆመን በሽታ ነውና ዘመናችን ይቀጥላል ይላል። ሌላው ቀኑ ካለፈ አለፈ፣ እኔ ለብቻዬ አስመርጣለሁ ይላል።»

ላቀው ብድግ አለ። «እንዴ! የኔ ተራ ነዋ! ተበላ አልተበላም ነው እኮ የሚሉ!»

መምሬ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሳል በዚያ ወራት ያስፈራ ነበርና ቶሎ አፋቸውን ሸፈኑ። «ልክ ያንተ ተራ ነው።»

«ለመሆኑ የነሱ ሽማግሌ ስንት ነው?»

«ሽማግሌስ አላጡም። የሚሰማቸው እንጂ።» መምሬ ሬዲዮውን ዘጉት። «ያንተን እንኳ እኛ እንጨርሰው» አሉ።

በነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ረፋድ፣ ጨረሱት። አራቱ ሽማግሌዎች ከመንገዱ ወዲህ ተራርቀው ተቀመጡ፤ መምሬ ብቻቸውን ከአስፋልቱ ማዶ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ላቀውና ገዱ ራቅ ብለው የማኅበሩ በር ላይ ቆሙ። ነገሩ በጩኸት ይተላለፍ ጀመር። መኪና ሲያልፍ ክርክሩ ይቆማል፣ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። ፖሊስ መጣና ቆጠረ፤ ወዲህ አራት ሰው ነው፣ በሩ ላይ ሁለት። ወዲያ ማዶ አየ፤ አንድ ቄስ ናቸው። ራሱን አክኮ ሄደ።

ከማዶ የመምሬ ድምፅ መጣ፦ «በሩን ያላለፈ ጭነት ጭነት አይባልም! የላቀው ተራ አልተበላም! አንደኛ ነው!»

ላቀው መሬት ስሞ ተነሳ። ከመጋቢት ወዲህ እርግጠኛ የሆነ ነገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበርና እንባው መጣ። ገዱም ከመዝገቡ አናት ላይ «አንደኛ፣ ላቀው» ብሎ በትልቁ ጻፈ። በሳምንቱ ዓለምዬ የቀሯትን ሁለት በጎች ገበያ አወጣችና በገብስ ለውጣ ተመለሰች።

«ይኸው ለአንደኛዋ» አለች። «በጥቅምት ፈረንጅ ካልመጣ ግን እኔን ነው የምትጭነው።»

መስከረም ጠባ፤ አዋጁም አበቃ። ጥቅምት ደረሰ። ተራራው ጠራ፣ አበባው ወጣ፤ ፈረንጅ አልመጣም። ላቀው ግን በየማለዳው የማኅበሩ በር አልቀረም፤ አሁን ደግሞ ቀና ብሎ ነው የሚቆመው።

ጥቅምት ሲያልቅ አንድ ማለዳ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ደጁ በሰው ተሞልቶ አገኘው። ልቡ ዘለለች። ገዱ መዝገቡን ይዞ ከማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋር ቆሟል።

«አንደኛ፣ ላቀው!»

«አቤት!»

ለምን እንደተጠራ ሳይጠይቅ ነው አቤት ያለው። ስምንት ወር ያጠራቀማት አቤት ነበረች። ወለላን እየሳበ ሰውን ሰንጥቆ ከፊት ቆመ፤ ድንኳን ፈለገ፣ ድስት ፈለገ። መሬት ላይ ያለው የበሶና የቆሎ ጆንያ ነው። ከሁለቱ አንደኛው ሰውዬ ተናገረ፤ በሰሜን በኩል ጦርነት ተነስቷል፣ ዘማቾቹ በሊማሊሞ ቁልቁል ሄደዋል፣ መኪና በማይገባበት ስንቅ የሚያደርስ በቅሎ ከነጫኙ ይፈለጋል፣ አድልዎ እንዳይሆንም በተራ ይጠራል።

ላቀው መምሬን ከሰው መሀል ፈለጋቸው። መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«መምሬ፣ የዚያ የሬዲዮው ክርክር ነው?»

«እሱው ነው፣ ልጄ።»

«እንደናንተ ከመንገድ ወዲህና ወዲያ ቢቀመጡ ኖሮስ?»

መምሬ መስቀሉን አሳለሙት። ፊታቸውን አዞሩ።

ላቀው ጆንያዎቹን ጫነ። ፈርቶ ነበር፤ መጫኛውን ሁለት ጊዜ ሳተው። ወለላ ቀጥ ብላ ቆማ ጠበቀችው። ዓለምዬ እየሮጠች መጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ ገብስ ቋጥራለች። ነጠላዋን አውልቃ ከነቋጠሮው ከጆንያው ጎን አሰረችላት።

«ለሷም ስንቅ ነው» አለች። «አንተ ብቻ ተመለስልኝ። እሷንም ብትሸጣት፣ ብትጥላትም ግድ የለኝም።»

ላቀው ጥቂት እንደሄደ ዞር አለ። «ገዱ! ይኸስ ጭነት ተራዬን ይበላል ወይስ አይበላም?»

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ ላቄ?» አለ ገዱ።

ላቀውም ምን ብሎ እንዲጻፍለት አላወቀም። ወለላን እየመራ በሊማሊሞ በኩል ወረደ። ገዱ ስሙ ያለበት መስመር ላይ ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ፤ በኋላ ምንም ሳይጽፍ ሁለተኛውን ጠራ።