አጎቴ የፍሬን ሸራ ሲያማርጥ

ዛሬ ጠዋት መኪናዬን ላሠራ ሙሳኽ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ስገባ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝና አጎቴ ትዝ አለኝ።

ከሱዳን ወደ እስራኤል በመጣን በዓመቱ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ ማሩ አባቴንና እኔን ይዞን ቂርያት ጋት ኢንዱስትሪ ቀጠና ሄደ። የመኪናውን ፍሬን ሊያስቀይር ነው። ዕብራይስጥ የምችለው እኔ ነበርኩ። አባቴ እናቱን ሱዳን መጠለያ ታማ ትቷት ስለመጣ በየቀኑ ወሬዋን ይጠብቃል።

መካኒኩ አዲስ ሸራ አመጣ። ጋሼ ማሩ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገውና «ሌላ ያምጣ» አለኝ። ሌላም መጣ፤ እሱንም መለሰው።

መካኒኩ ሰለቸው። «ዲስኩ ደህና ነው፣ ሸራው ብቻ ይቀየር» አለ፤ ተረጎምኩ።

«የለም፣ ዲስኩም ይቀየር። ቀስ ብሎ ይሥራ በይው።»

አባቴ ሳቀ። «ሙሽራ አደረግካት እኮ!»

ጋሼ ማሩ አልሳቀም። ሰዓቱን አየና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ሽማግሌዎቹ እስኪሰበሰቡ አባትሽን በጨዋታ ያዢልኝ» አለኝ። ሠርግ ያለ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ስለ ትምህርት ቤቴ ለፈለፍኩለት።

ሰፈር ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሕንጻችን ሥር ቆመዋል። አባቴ «ወይኔ እናቴን!» ብሎ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተ። አዲሱ ፍሬን ቀጥ አድርጎ አቆመን።

ለካ መርዶውን ያዘገየሁት እኔም ነበርኩ።

ዛሬም መካኒኩ የመኪናዬን ጎማ ፈትቶ አየና «ዲስኩም ይቀየር» አለኝ። ዋጋውን ሳልጠይቅ ቤት ደወልኩ።

«ሁላችሁም ደህና ናችሁ?»