ሚኒባስ ውስጥ የጮኸው ጭላዳ

ይህን ሳወራችሁ አሁንም ደስታው ያቅበጠብጠኛል። እኔና ጓደኛዬ ሄኖክ ደባርቅ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን የስልክ ጌም እንሠራለን። የመጀመሪያው ጌማችን በስሜን ተራሮች ከገደል ወደ ገደል ስለሚዘል ጭላዳ ዝንጀሮ ነበር። ብዙ ለፍተን ብንለቀውም ከኢንተርኔት ያወረዱት ዘመዶቻችን ብቻ ሆኑ። ተስፋ ቆረጥንና ኮምፒውተሩን ለገዢ ላስረክብ ይዤ ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጥቂት እንደሄድን አጠገቤ ከተቀመጡት ቄስ ስልክ የእኛ ጭላዳ ጮኸ! ከመቀመጫዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም።

"አባ፣ ይህን ጌም ከየት አገኙት?"

"ልጄ ናት የላከችልኝ። በደብራችን የሌለው ሰው የለም፤ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላላክን እኮ ነው።" ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። "ግን የመጨረሻው ገደል ላይ ሁልጊዜ ይወድቅብኛል። ለመሆኑ ከማዶ ምን አለ?"

ከማዶ ምንም የለም፤ እዚያ ላይ ስንደርስ ነበር አቅም አጥተን ያቆምነው።

"አባ... ማዶውን ገና አልሠራነውም" አልኩ በቀስታ።

"አንተ ነህ እንዴ የሠራኸው?" ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። "ታዲያ ኮምፒውተሩን ወዴት እየወሰድከው ነው?"

"ልሸጠው ነው፣ አባ።"

ሾፌሩ ይህን ሲሰማ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ወረደና ወደ ደባርቅ የሚመለስ ሚኒባስ በእጁ አስቁሞ፣ ኮምፒውተሬን ታቅፎ አሻገረው።

"በል ግባና ጨርሰው!" አለኝ። "እኔም እዚያው ገደል ላይ ነው የቀረሁት።"