ኖር የሚሉ ሮቦቶች

አባቴ የሮቦቶቹን ጌም መጀመሪያ ልብ ብሎ ያየ ቀን የጠየቀው ጥያቄ እስካሁን ያስቀኛል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ሶፋው ላይ ተጠጋግተን፣ እያንዳንዳችን ጆይስቲካችንን ጨብጠን፣ ቲቪው ውስጥ አራት ሮቦቶች በብረት ወለል ላይ ይደባደባሉ። አባቴ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ከኋላችን ቆመና ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ «ለመሆኑ ግሪስ የሚቀባቸው ማነው?» አለ።

ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ሆኖ የኖረ ሰው ነውና የሚንቀሳቀስ ብረት ሲያይ ቀድሞ የሚታየው መገጣጠሚያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የአንደኛው ሮቦት ትከሻ ሲዞር ክርኑ ለምን ወደኋላ እንደሚዘገይ ጠየቀን። ጌሙን ስንጫወት ወራት ቢሆነንም ማናችንም ልብ ብለነው አናውቅም። ጠጋ ብለን ስናይ እውነትም ይዘገያል።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴና እኔ ሴት ልጁ ብቻችንን ነን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ጓደኞቼ ስለሚመጡ ቤቱ ይሞላል። አንደኛው እኔ ሂሳብ በማስተምርበት ኮሌጅ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ላፕቶፑንና አራቱን ጆይስቲኮች በጀርባ ቦርሳው አዝሎ የሚመጣው እሱ ነው። ሁለተኛዋ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ናት። እዚሁ ባሕር ዳር የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሱቋ ውስጥ ከማር የጣፈጠች ናት፣ ጆይስቲክ ስትይዝ ግን ምሕረት የሚባል አታውቅም። ሦስተኛው አባቴ ጡረታ የወጣበት ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሲሆን አባቴን ከዚያው ጀምሮ ጋሼ እያለ ነው የሚጠራው።

ጨዋታው አያስቸግርም። አንዱ ሮቦት መዶሻ አለው፣ አንዱ መጋዝ፣ አንዱ ረጅም መንጠቆ፤ የወደድኸውን ትመርጣለህ። የሜዳው ዙሪያ ገደል ነው። ሌሎቹን መትተህም ሆነ ገፍተህ ጥለህ መጨረሻ ላይ ብቻህን ከቆምህ አሸነፍህ። መጀመሪያ የወደቀ ሰው ተነሥቶ ለሁሉም ሻይ ይቀዳል የሚለውን ደንብ የጨመርነው እኛ ነን።

ማንም ያላወጣው ሌላም ደንብ ነበረን። የማንም ሮቦት ገደል ሲገባ ሁላችንም ባንድ አፍ «እኔን» እንላለን። የገፋነውም እኛው፣ እኔን የምንለውም እኛው። የወረታዋ ጓደኛዬ በመዶሻ ቀጥቅጣ የጣለችውን ሮቦት «እኔን፣ እኔን» እያለች ስትሸኘው ላየ የገዛ ወንድሟ ደረጃ ላይ የተንሸራተተ ይመስለዋል። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ይህንኑ ጌም ሲጫወቱ ምን እንደሚሉ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ጓጉቻለሁ። ምናልባት ዝም ይላሉ።

አባቴ ያን ጊዜ ከታመመ ስምንት ወሩ ነበር። ሐኪሞቹ ቀላል ስትሮክ ነው ብለው ነበር። እግሩም ንግግሩም ቶሎ ተመለሱ፤ ቀኝ እጁ ግን ወደኋላ ቀረ። ኳስ እየጨመቀ እንዲያለማምደው ቢነግሩት ኳስ የልጅ ነው ብሎ በሎሚ ተካው፤ ኪሱ ሁልጊዜ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። እጁ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ሁሉ መልሱንም ራሱ ይመልስለታል። ደህና ነዎት እኮ፣ ምንም አልሆኑ፣ ከእኛ እጅ ይሻላል። ጎረቤት እንዲህ ይላል፣ ዘመድ እንዲህ ይላል፣ እኔም ከእነሱ አላንስም ነበር።

በዚያው ሰሞን ድሮ በሥሩ የሠራ አንድ ሰው ዓባይ ማዶ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወርክሾፕ ከፈተና ማሽኖቹን እንዲጠግንለት አባቴን ለመነው። አባቴ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ያም ሆኖ ሰኞ መልስ እሰጥሃለሁ ብሎ ነው የሸኘው። ለምን ወዲያው እሺ እንዳላለ ገብቶኛል። በሚሮጥ ቺንጋ አጠገብ የዘገየ እጅ ምን እንደሚገጥመው ፋብሪካ ውስጥ በዐይኑ አይቷል። ከቁም ሳጥኑ ላይ ያስቀመጠውን ካቻቢቴ እንደገና ከማውረዱ በፊት እጁ መመለሱን ማወቅ ነበረበት፤ እውነቱን የሚነግረው ሰው ግን አላገኘም።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ስለ ግሪሱ ከጠየቀ በኋላ እስቲ እኔም ልሞክረው፣ ይህ ነገር ጣት ይፈትናል ሲል፣ ምን እየፈለገ እንደሆነ ወዲያው ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ የታየኝ ደስ የሚል ቅዳሜ ብቻ ነው። ጆይስቲኬን ሰጠሁት። በአውራ ጣት እንደሚነዳ፣ በስተኋላ ያለችውን ቁልፍ በቀኝ ሌባ ጣት ሲጫን ሮቦቱ እንደሚመታ አሳየሁት።

መንጠቆ ያለውን ሮቦት መረጠ። ሜዳው ውስጥ እንደገባም ድብድቡን ትቶ ከገደሉ ማዶ ካለው ግድግዳ ላይ የሚዞሩትን የማሽን ጥርሶች ሊያይ ሄደ። በዚህ ጊዜ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ሦስቱ ሮቦቶች መደባደባቸውን አቁመው ቀጥ ብለው ቆሙ። ማንም ከማንም አልተማከረም። ሽማግሌ ገብቶ ቤት ሙሉ ሰው ብድግ እንደሚለው ነው ብድግ ያሉት፤ ኖር ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። እኔም በእግዜር በላቸው እንጂ አልሁት አባቴን፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሲያስቡት አያስቅም። የወረታዋ ጓደኛዬ መዶሻዋን ስታነሣ ሁልጊዜ ከአባቴ ሮቦት አንድ ክንድ ርቆ ያርፋል። የፊዚክሱ መምህር መጋዙን አጥፍቶ እንዲሁ ይዞራል። የፋብሪካው ሰውማ አባቴ ገና ሲጠጋው ራሱ ዘሎ ገደል ገባና ኧረ ጋሼ ጨረሱኝ አለ። አባቴ አምስት ጊዜ አሸነፈ። አምስት ጊዜ ሌላ ሰው ሻይ ቀዳ። እሱም በእያንዳንዱ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ቀኝ እጁን ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ ያየዋል።

እንግዶቹ ሲወጡ «ሰኞ እሺ እለዋለሁ። እጄ ተመልሷል» አለኝ።

ጥሩ ነው አባዬ አልሁት።

በነጋታው ሳልነሣ ገና ያሰላሰልሁት አራት የተማሩ ሰዎች ሳይነጋገሩ እንዴት አንድ ዓይነት ውሸት እንደሚዋሹ ነበር። ለወረታዋ ጓደኛዬ ደውዬ ለምን እንዳልመታችው ጠየቅኋት። ልትመታው እንደነበር፣ ቁልፏን ልትጫን ስትል ግን የገዛ አባቷ ዐይኗ ላይ እንደመጡባት ነገረችኝ። ጣቷ እምቢ አላት። እሷን እንኳን እምቢ ካላት ሌሎቹን ምን እላለሁ?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንደ ልማዳችን በጣና ዳር ሄድን። አንድ ሰውዬ ደንገል ዘርግቶ ታንኳ ያስራል። አባቴ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቶ አያልፍም። ቁጢጥ ብሎ አየ፣ ጠየቀ፣ መጨረሻ ላይ አንዱን ማሰሪያ እኔ ልሞክረው አለ። ሰውዬው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት፤ አባባ በዚህ በኩል ይቀመጡ፣ ፀሐዩ እንዳይነካዎት ብሎ አመቻቸለት። አባቴ ከንፈሩን ነክሶ አሰረ። ሰውዬው ማሰሪያውን በአንድ ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ላላ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ይሄ ውኃ ላይ ይፈታል። ሰው ነው እሚጫንበት።»

ፈታና እንደገና አሰረው። እኔ በሰውዬው ተናደድሁ። አባቴ ግን አልከፋውም፤ እንዲያውም የሰውዬው ጣቶች እንዴት እንደሚዞሩ ለማየት አንገቱን አሰገገ፣ እንዲያሳየው አስደገመው፣ መርቆትም ሄደ። ቤታችን እስክንደርስ ስለዚያ ማሰሪያ ሲያወራኝ ነበር። ከጎኑ እየሄድሁ ያ ሰው አባቴን ያከበረው ከእኛ ባላነሰ እንደሆነ አሰብሁ። በራሴም አፈርሁ።

የፊዚክሱ መምህር ቦርሳውን እኛ ቤት ትቶ ነበር። ከምሳ በኋላ ሁለታችን እንጫወት አልሁት አባቴን። ጓደኞቼ እርስዎ የሚሉትን ሰው አንተ እያልሁ ያደግሁት እኔ ነኝ፤ መመታት ካለበትም መምታት ያለብኝ እኔ ነበርሁ። መዶሻውን መረጥሁ።

መንጠቆው ቀስ እያለ ወደ እኔ መጣ። መታሁት። የአባቴ ሮቦት በጀርባው ተንሸራትቶ ገደል ገባ። «እኔን» አልሁ፤ አፌ ለምዶ። ድገሚው አለኝ። ደገምሁት። ሦስተኛው ጨዋታ ደግሞ ከሁለቱም አጠረ።

ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አደረገና ሳያየኝ ጠየቀኝ። «ትናንት ለቃችሁልኝ ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

ማልቀስ ፈለግሁ፤ ምነው እጄን በሰበረው አልሁ በልቤ። እሱ ግን ብድግ ብሎ «እንግዲህ ሻዩ የእኔ ነው» አለና ወደ ኩሽና ገባ። ፔርሙሱንና ሁለት ብርጭቆ ይዞ መጣ። በደህናው በግራው መቅዳት ሲችል በቀኙ ያዘው። ፔርሙሱ ተንቀጠቀጠ፤ ሻዩ ብርጭቆው ውስጥም ጠረጴዛው ላይም ፈሰሰ። ተነሥቼ እንዳልቀበለው ሁለት እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁባቸው። ሁለተኛውንም ብርጭቆ ቀዳ። ከዚያ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ ዕድሜውን ሙሉ የቆመ ማሽን ሲያይ በኖረበት ዐይን አየው።

«ሌባ ጣቴ ነው» አለ። «አውራ ጣቴ ይሰማኛል። ይህኛው ግን ትእዛዙ እሚደርሰው ዘግይቶ ነው። እንደዚያ ሮቦት ክርን።»

ድምፁ ውስጥ ኀዘን ፈልጌ አጣሁ። ነገሩ አስገርሞት ነበር። ከታመመ ጀምሮ የእጁን ብልሽት በስሙ ሲጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ባጃጅ ይዞ ዓባይ ማዶ ሄደ። ለወርክሾፑ ባለቤት የነገረውን ሲመለስ ነገረኝ። ለጊዜው የሚሠራ ማሽን ውስጥ እጄን አላስገባም፤ ተቀምጬ ድምፁን እሰማለሁ፣ የላላው የትኛው ቡሎን እንደሆነ እናገራለሁ፣ የሚያጠብቀው ሌላ ሰው ነው ብሎታል። ሰውዬው ቅር ሳይለው አልቀረም፤ ግን ተስማማ።

ቅዳሜ ጓደኞቼ ሲመጡ አባቴ ጆይስቲኩን ቀድሞ አነሣና እዚህ ሜዳ ላይ ኖር የሚባል ነገር የለም አላቸው። አንገታቸውን ደፉ። ለመልመድ ጊዜ ወሰደባቸው። የወረታዋ ጓደኛዬ በመታችው ቁጥር «አባባ ይቅር ይበሉኝ» ትላለች፤ በአንድ ጨዋታ ሰባት ጊዜ ይቅርታ ጠይቃ ሰባት ጊዜ ቀጥቅጠዋለች። የፋብሪካው ሰው ግን እስከ መጨረሻው አልቻለበትም፤ አባቴ ሲጠጋው አሁንም ገደል ይገባል። አባቴም እሱን ከቁጥር አያስገባውም።

የፊዚክሱ መምህር ላፕቶፑን ለአባቴ ብሎ እኛ ቤት ስለተወልን፣ በሥራ ቀናት ከራት በፊት ሁለታችን ሦስት ሦስት ጊዜ እንጫወታለን። አንድም ቀን አለቀቅሁለትም። ከባድ ነበር፤ በተለይ ከወርክሾፑ ደክሞት የመጣ ቀን። ቀስ በቀስ ግን ሌባ ጣቱ የዘገየችበትን ቁልፍ በመሃል ጣቱ መጫን ጀመረ። መጀመሪያ ይስታል፤ ቆይቶ መሳት ቀነሰ። ሌባ ጣቱም ከመሃል ጣቱ ጎን ተለጥፋ አብራ መንቀሳቀስ ለመደች። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ መፍሰሱን የተወው መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ በየቀኑ የሚቀዳው እሱ ስለነበረ ልብ አላልነውም።

አንድ እሑድ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መዶሻዬን አንሥቼ ገና ሳልመታ መንጠቆው አንገቴን ያዘ። ዞር ብዬ ለማምለጥ ሞከርሁ፤ እሱ ቀድሞ ዞረ። ሮቦቴ ገደል ገባ።

እኔን አላለም። ቲቪውን ትቶ ፊቴን አየ፤ ትከሻዬን፣ እጆቼን፣ እንደገና ፊቴን።

«ለቀቅሽልኝ?» አለኝ።

«አልለቀቅሁም።»

ለጥቂት ጊዜ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋው፣ አጠፈው፣ ዝቅ አደረገው።

«እንግዲያው ሻይ ቅጂ» አለ።

ቀዳሁለት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ዓባይ ማዶ ሲወጣ ካቻቢቴው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሎሚው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።